«እርጉዝ» ማለት ነውር፣ ሲጋራ ማስተዋወቅ ግን ምንም ያልነበረበት ቲቪ

«ድሮ ቲቪ ላይ ሁሉ ነገር ነውር ነበር፣ አሁን ሁሉም ተለቀቀ» ሲባል እንሰማለን። እኛ ግን ነገሩ እንደዛ አይመስለንም። አንድ የአሜሪካ ኮሜዲ እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

«አይ ላቭ ሉሲ» ይባላል። መሪ ተዋናዮቹ ሉሲል ቦልና ዴሲ አርናዝ በድራማውም በእውነትም ባልና ሚስት ናቸው። መኝታ ቤታቸው ሲታይ ግን ያለው ሁለት አልጋ ነው።

በ1952 ሉሲል አረገዘች። የጣቢያው የሲቢኤስ ሰዎች ተጨነቁ። ሆዷን ከወንበር ጀርባ እንደብቀው እስከማለት ተደርሶ ነበር። በመጨረሻ እርግዝናው ታሪኩ ውስጥ እንዲገባ ተፈቀደ፤ «እርጉዝ» የሚለው ቃል ግን አይነሳም! «ልጅ እየጠበቀች ነው» ይባል ተባለ። ጽሑፉን የካቶሊክ ቄስ፣ የፕሮቴስታንት ፓስተርና የአይሁድ ረቢ እያዩ ነው ያሳለፉት። ለክፍሉ ርዕስ እንኳን ከፈረንሳይኛ ቃል ተዋሱ። (አትሳቁ፣ እኛስ ከ«እርጉዝ» ይልቅ «ነፍሰ ጡር» ማለት አይቀለንም?)

ተመልካቹስ ተቆጣ? በጭራሽ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 የልጁ መወለድ ሲተላለፍ ወደ 44 ሚሊዮን ሰው አየው። በማግስቱ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዓለ ሲመት እንኳን ያን ያህል ተመልካች አላገኘም።

አሁን ወደ ገራሚው ነገር። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ስፖንሰር ማን ነበር? ፊሊፕ ሞሪስ፣ የሲጋራ ኩባንያ! በ1960 በጀመረው «ፍሊንትስቶንስ» ካርቱን ደግሞ ፍሬድና ባርኒ ራሳቸው ዊንስተን እያጨሱ ያስተዋውቁ ነበር። አዎ፣ ካርቱን። ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የአሜሪካ መንግሥት ሪፖርት በ1964 ተናገረ፤ ማስታወቂያው ከቲቪና ከሬዲዮ በሕግ የወጣው ግን በ1971 ነው። ያኔ «እርጉዝ» ማለት የሚያስደነግጠው ሰው አልነበረም።

ክልከላው አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ከሚያሳፍረው ወደሚጎዳው።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር አለ። ልጅ ሆነን የቢራ ማስታወቂያ ዘፈኖችን በቃላችን እንይዝ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከቲቪ ወጣ። ከዛ በፊት ቤት ውስጥ ሪሞቱ የሚፈለገው ፊልም ላይ ሁለት ሰዎች ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ነበር። ቢራው ሲመጣ ማንም ጣቢያ አይቀይርም።