የሕፃናትን መዝገብ ስለ ማስተባበር

ሕፃን በተወለደበት ቀበሌ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ወላጆቹ ያውቁታል፤ ክትባት የሰጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታውቀዋለች፤ የቀበሌው ጸሐፊ ያውቀዋል፤ ዕድሜው ሲደርስም መምህሩ ያውቀዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚያውቀው በከፊል ነውና፥ የአንዱ ዕውቀት ለሌላው ሳይደርስ ሲቀር ሕፃኑ በብዙ መዝገብ ተጽፎ ሳለ ረዳት እንዳጣ ይሆናል።

በቀድሞ ጊዜ የልጅ ዕድሜ የሚታወቀው በሽማግሌዎች ትዝታ ነበር፤ እገሌ ዝናብ በበዛበት ዓመት ተወለደ፥ እገሊት ስንዴ ሲታጨድ ተወለደች ይባል ነበር። ክርስቲያኖችም ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ከጥምቀቱ ወደ ኋላ ቈጥረው የልደቱን ቀን ያገኙ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ቢደነግግም ያ ክፍል ሳይሠራበት ብዙ ዘመን ቈየ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጣ፤ ምዝገባውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በአገሩ ሁሉ ተጀመረ። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የተጻፈው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ሕፃናቱ ፈጽመው ሳይጻፉ ቀርተው አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለየቤተሰቡ ማኅደር እንዲከፈት አድርጓል። በማኅደሩም የቤተ ሰቡ ስምና ዕድሜ፥ የእናቲቱ እርግዝናና የሕፃኑ ክትባት ይጻፋል። እንግዲህ የጤና ኬላው የጻፈውን ቀበሌው ወይም ትምህርት ቤቱ ሳያውቀው ይቀራል ማለት ነው።

ይህ የሚያመጣውን ጉዳት ለመረዳት ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ኢተያንና በዙሪያዋ ያለውን የስንዴና የገብስ አገር በምሳሌ ማሰብ ይቻላል። አንድ ልጅ 7 ዓመት ሞልቶት ከብት ሲጠብቅ ቢውል መምህሩ ስለ መኖሩ እንኳ አይሰማም፤ የልጁ ስም ግን በጤና ኬላው ማኅደር አለ። እንዲሁም የ13 ዓመት ልጃገረድ 18 ሞልቷታል ተብላ ልትዳር ቢታሰብ፥ የልደቷ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሐሰቱን ይገልጠዋል። ከትምህርት ቤት መቅረቷን ያየው መምህር፥ ማኅደሩን የያዘችው የጤና ሠራተኛና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሹም ሳይነጋገሩ ከቀሩ ግን እውነቱ የሚታወቀው ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ ችግር ሀብታሞቹንም አገሮች አግኝቷል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል የ8 ዓመት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች። ሐኪሞችም ፖሊሶችም የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞችም አይተዋት ነበር፤ ያዩትን ግን አንድ ላይ አላደረጉትም። ስለዚህ በ2004 አዲስ ሕግ ወጣ፤ በ2009ም የሕፃናትን ሁሉ ስም የሚይዝ ታላቅ መዝገብ ተከፈተ። ነገር ግን የሁሉን ምሥጢር በአንድ ቦታ ማከማቸት አይገባም ተብሎ በ2010 ተዘጋ። ከዚህም ሁለት ትምህርት ይገኛል፤ ዝም ማለት ልጅ ይገድላል፥ ያለ ልክ መግለጥም ሕዝቡን ከመዝገብ ያሸሻል።

ስለዚህ ለሥራው የሚበቃውን ብቻ መለዋወጥ ይገባል። ለትምህርት ቤት የልጁ ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር፥ የእናት ስም፥ ጾታ፥ የልደት ቀንና ጎጥ ይበቃል። የእናቲቱ ሕመም፥ የልጁ ደም ምርመራ ወይም የአባትነት ክርክር ግን ከሐኪምና ከዳኛ አልፎ ሊሰማ አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ እንዲውል ያዛል።

አሠራሩም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በነሐሴ ወር የጤና ሠራተኛዋ በመስከረም 7 ዓመት የሚሞላቸውን ልጆች ዝርዝር ለርእሰ መምህሩ ትሰጣለች። መምህሩም ከተመዘገቡት ጋር አስተያይቶ ያልመጡትን ለቀበሌው ያስታውቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ መከር ሲደርስ የሚቀሩትንም እንዲሁ። የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ቢገኝ ከትምህርት አይከለከልም፤ ወላጁ ወደ መዝገብ ሹም ይመራል። በኦሮምኛና በአማርኛ የስም አጻጻፍ ስለሚለያይ፥ አንዱ ልጅ ሁለት እንዳይሆን የእናት ስምና ጎጥ አብሮ ይታያል።

የሽማግሌዎች ድርሻም ታላቅ ነው። ወላጅ መዝገብን ለግብር ነው ብሎ ሲፈራ የሚያምነው የጎረቤቱን ሽማግሌ ነውና፥ መዝገቡ ልጁን ለማስተማርና ለመጠበቅ መሆኑን በሚያውቀው ቋንቋ ሊያስረዱት ይገባል። ልጅ የሚጠበቀው የሚያውቁት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲተዋወቁ ነው።