እንደራሴው ሲናገር፦ ተተኪ አገልግሎቶችን ከትእዛዝ መስመር ማስተዳደር



የዛሬው ገለጻ ርእስ ለጆሮ ጠባብ ይመስል ይሆናል። በሶፍትዌር ሙከራ ጊዜ በእውነተኛው አገልግሎት ቦታ ቆመው መልስ የሚሰጡ ተተኪዎችን ከትእዛዝ መስመር፣ በተለምዶ ኮማንድ ላይን ከምንለው መስኮት፣ እንዴት እናስተዳድራለን? ጥያቄው የመሣሪያ አጠቃቀም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መመሪያውን ማንበብ ይበቃ ነበር። ከጀርባው ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ሙከራችን «አልፏል» ብሎ ሲነግረን ያለፈው ምንድን ነው? ፕሮግራማችን ነው ወይስ ስለ ሌላው ሥርዓት የያዝነው ግምት? ላሳያችሁ የምፈልገው የትእዛዝ መስመሩ ትልቁ ጥቅም ይህን ግምት ከተደበቀበት አውጥቶ ለምርመራ ማቅረቡ መሆኑን ነው። ፍጥነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከችግሩ እንነሣ። አንድ የዩኒቨርሲቲ የምዝገባ ሥርዓት እንገነባለን እንበል። ተማሪው ትምህርቶቹን ይመርጣል፤ ሥርዓቱ የክፍያ ጥያቄውን ለባንክ አገልግሎት ይልካል፤ ባንኩ «ተከፍሏል» ሲል ምዝገባው ይጸናል። ይህን ሥርዓት በፈተንን ቁጥር የባንኩን እውነተኛ አገልግሎት መጥራት አይቻልም። እውነተኛ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ ባንኩ ለሙከራ የሚያቀርበው ሰርቨርም ሁልጊዜ ክፍት ላይሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልናያቸው የሚገቡ ክፉ አጋጣሚዎች በፈለግነው ሰዓት አይመጡልንም። ባንኩ ከ30 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ቢመልስስ? ገንዘቡን ከሒሳቡ ቀንሶ ማረጋገጫው ሳይደርሰን ግንኙነቱ ቢቋረጥስ? ተማሪው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል የሚጠብቀውን የፕሮግራሙን ክፍል መፈተን የምንችለው እነዚህን ሁኔታዎች በፈቃዳችን መፍጠር ስንችል ነው።

ተተኪ የምናቆመው ለዚህ ነው። ጄራርድ መስዛሮስ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ሙከራ ንድፎች ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን ተተኪዎች በአንድ የወል ስም ሰብስቧቸዋል፤ ስሙን የወሰደውም በፊልም ሥራ አደገኛውን ትዕይንት በተዋናዩ ፈንታ ከሚሠራው ሰው ነው። ከነዚህ መካከል ስተብ የሚባለው አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ የሚሰጥ ነው። ሞክ የሚባለው ደግሞ ከዚህ አልፎ ፕሮግራማችን በሚጠበቀው መንገድ ጠርቶት እንደሆነ ያረጋግጣል። ስተቡ በኔትወርክ ላይ ራሱን ችሎ እንዲቆም፣ የእውነተኛውን አገልግሎት መልስና መዘግየት እንዲያስመስል ሲደረግ ሥራው የአገልግሎት ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል።

ለስተብ ከቋንቋችን የሚቀርበው ቃል «እንደራሴ» ይመስለኛል። እንደራሴ በቦታው በሌለ ሰው ስም ይናገራል፤ ቃሉ የሚጸናው ግን የወከለው ሰው ሐሳብ እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም እንደራሴ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባናል። ማን ሾመህ? ምን እንድትል ታዘዝህ? የመጨረሻውን መልእክት የተቀበልኸውስ መቼ ነው? ስተቦቻችንን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ በሚችሉበት መንገድ ካልያዝናቸው ሙከራችን በማን ቃል እንደቆመ አናውቅም።

በመስኮትና በአዝራር ብቻ የምናስተዳድራቸው ስተቦች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይዘው አይገኙም። አንድ ባለሙያ ገጹን ከፍቶ የመልሱን ይዘት ይለውጣል፤ ያስቀምጣል፤ ይዘጋል። ለውጡን ማን እንዳደረገው፣ ለምንስ እንደተደረገ በፋይል የቀረ ምስክር ላይኖር ይችላል። በትእዛዝ መስመር ስንሠራ ግን ሁለት ነገሮች ጽሑፍ ይሆናሉ። ስተቡ ራሱ ፋይል ይሆናል፤ ስተቡን የሚያነሡት፣ የሚለውጡትና የሚያወርዱት እርምጃዎችም እስክሪፕት ይሆናሉ። ጽሑፍ የሆነ ነገር ደግሞ በጊት ውስጥ ይቀመጣል፣ ከትናንቱ ጋር ይነጻጸራል፣ በሌላ ሰው ይገመገማል።

ሥራውን በተጨባጭ ለማየት ሆቨርፍላይ የተባለውን መሣሪያ እንውሰድ። በጎ ቋንቋ የተጻፈና ምንጩ ክፍት የሆነ ሲሆን፣ የሚታዘዘው ሆቨርሲቲኤል በተባለ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ነው። በመጀመሪያ «ስታርት» ስንለው ይነሣል፤ በተለመደው አደረጃጀቱ በፖርት 8500 ፕሮክሲ ሆኖ ይቆማል፤ በፖርት 8888 ደግሞ የአስተዳደር ትእዛዞችን ይቀበላል። ቀጥሎ ወደ «ካፕቸር»፣ ማለትም ወደ መቅጃ ሁኔታ እናዞረዋለን። የምዝገባ ሥርዓታችን በዚህ ፕሮክሲ በኩል የባንኩን የሙከራ ሰርቨር ሲጠራ፣ ሆቨርፍላይ ጥያቄውን አሳልፎ መልሱን ይቀበላል፤ ሁለቱንም ጥንድ አድርጎ ይይዛል። ግንኙነቱ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ ከሆነ ሥርዓታችን የሆቨርፍላይን ሰርተፊኬት እንዲያምን አስቀድመን ማዘጋጀት ይኖርብናል። ቅጂው ሲያበቃ በ«ኤክስፖርት» ትእዛዝ ወደ ጄሶን ፋይል እናወጣዋለን፤ ያ ፋይል ከፕሮግራማችን ኮድ ጎን በጊት ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ «ኢምፖርት» አድርገን መሣሪያውን ወደ «ሲሙሌት» ሁኔታ ስናዞር ባንኩ ባይኖርም መልሱ ይኖራል።

ሌሎቹም መሣሪያዎች በስምና በአሠራር ቢለያዩም መንገዳቸው ተመሳሳይ ነው። ብራንደን ባየርስ የሠራው ማውንትባንክ ተተኪዎቹን «ኢምፖስተር»፣ አስመሳይ፣ ብሎ ይጠራቸዋል። በተለመደው አደረጃጀት በፖርት 2525 ትእዛዝ ይቀበላል። ኤምቢ በተባለው ትእዛዙ ከፋይል ይነሣል፣ የያዘውን ወደ ፋይል ያስቀምጣል፣ ከመቅዳት ወደ መልሶ ማጫወትም ይሸጋገራል። ቶም ኤከርስት የጀመረው ዋየርሞክ በበኩሉ ስተቦቹን በአንድ ማኅደር ውስጥ ካሉ የጄሶን ፋይሎች ያነባል፤ እየሠራ ሳለም በአስተዳደር አድራሻው በኩል፣ ከርል በተሰኘው የታወቀ ትእዛዝ፣ አዲስ ስተብ ሊጨመርለት ወይም ወደ መነሻው ሊመለስ ይችላል። ይህ ወደ መነሻ የመመለስ ትእዛዝ ቀላል ቢመስልም ዋጋው ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ «ክፍያ ተከልክሏል» የሚል ስተብ አስቀምጦ ሳያነሣው ከሄደ፣ ሁለተኛው ሙከራ ባላጠፋው ጥፋት ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት መድረኩ ይጠረግ።

አሁን ወደ አንድ ወሳኝ ጥያቄ እንለፍ። ስተቡ ያልተዘጋጀበት ጥያቄ ሲቀርብለት ምን ይላል? ሦስቱ መሣሪያዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ። ሆቨርፍላይ በማስመሰል ሁኔታ ላይ እያለ የሚመጥን ጥንድ ካላገኘ 502 የሚል የስሕተት ቁጥር ይመልሳል። ዋየርሞክ 404 ይላል። ማውንትባንክ ግን የተለየ መመሪያ ካልተሰጠው 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ የሚል ቁጥር ከባዶ ይዘት ጋር ይልካል። ልዩነቱን ልብ በሉ። የምዝገባ ሥርዓታችን የመልሱን ይዘት ሳያነብ ቁጥሩን ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ ማንም ያላዘጋጀውን ባዶ መልስ «ተማሪው ከፍሏል» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ሙከራውም ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በማውንትባንክ ፋይል ውስጥ ተለዋጭ መልሱን የስሕተት ቁጥር አድርጎ መወሰን ነው። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ጥያቄውን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው አባባል ለሙከራ ባለሙያም ይሠራል።

የተተኪ ግምት ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳይ፣ ከድረ ገጽና ከክፍያ ዓለም ርቆ የተፈጸመ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት የመጀመሪያ በረራውን በፈረንሳይ ጉያና ከሚገኘው የኩሩ ማስወንጨፊያ ጀመረ። የበረራው ቅደም ተከተል ከተጀመረ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ፣ 3,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከመንገዱ ወጥቶ ፈነዳ። ምክንያቱ የሮኬቱን አቅጣጫና እንቅስቃሴ የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌር ባለ 64 ቢት ቁጥርን ወደ ባለ 16 ቢት ሲለውጥ ቁጥሩ ከመጠን አልፎ ሥራውን ማቆሙ ነበር። ሶፍትዌሩ ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር፤ የአዲሱ ሮኬት አበራረር ደግሞ ከአሮጌው የተለየ ነበር።

በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው የአጣሪ ቦርድ ካገኛቸው ነገሮች መካከል ለእኛ የሚጠቅመው የሚከተለው ነው። በምድር ላይ በተደረጉት አጠቃላይ የሥርዓት ሙከራዎች ውስጥ ያ መለኪያ መሣሪያ ራሱ አልነበረም፤ ውጤቱን የሚያስመስል ሶፍትዌር በቦታው ቆሞ ነበር። ተተኪው በታዘዘው መሠረት ትክክለኛ የሆኑ ልኬቶችን ሰጠ። እውነተኛው መሣሪያ በአዲሱ የበረራ መንገድ ላይ መውደቁን ግን ሊናገር አይችልም ነበር፤ ማንም እንዲህ እንዲል አላዘዘውምና። ከአደጋው በኋላ እውነተኛውን ሶፍትዌር ከእውነተኛው የበረራ መረጃ ጋር አንድ ላይ ሲያስኬዱት ውድቀቱ እንዳለ ተደገመ። ከዚህ የምንማረው ተተኪን መጠቀም ስሕተት መሆኑን አይደለም፤ በተተኪው ቃል ላይ የምንተማመንበት ልክ የሚወሰነው እውነተኛውን መቼና በምን ሁኔታ እንደጠየቅነው መሆኑን ነው።

ከዚህ አንጻር በሆቨርፍላይ ውስጥ ካሉት ትእዛዞች ሁሉ ትልቁን ክብር የምሰጠው «ዲፍ» ለሚባለው ሁኔታ ነው። በዚህ ሁኔታ መሣሪያው ጥያቄውን ወደ እውነተኛው አገልግሎት ይልካል፤ የመጣውን መልስ ካስቀመጠው ስተብ ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱንም ይመዘግባል። በምሳሌያችን ባንኩ የገንዘቡን መጠን 1500 በሚል ቁጥር ይልክ የነበረውን ከዛሬ ጀምሮ በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንደ ጽሑፍ ይልካል እንበል። ሙከራዎቻችን በአሮጌው ስተብ ላይ ተደግፈው በየቀኑ ያልፋሉ፤ ሥርዓቱ ግን በምዝገባው የመጀመሪያ ቀን ይወድቃል። የዲፍ ትእዛዝ በየሌሊቱ በራሱ እንዲሠራ ቢታዘዝ ኖሮ ልዩነቱ ጠዋት ጠረጴዛችን ላይ ይጠብቀን ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ በሰው እጅ በአዝራር እየተጫኑ በየሌሊቱ መሥራት የሚታሰብ አይደለም፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ግን አይደክምም፣ አይረሳምም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ላክል። የመጀመሪያው የምስጢር ጉዳይ ነው። የተቀዳ መልስ ውስጥ የሰው ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ሆቨርፍላይ በተለመደው አሠራሩ የጥያቄውን ራስጌዎች አይቀዳም፤ ይዘቱን ግን ይቀዳል። ፋይሉ ወደ ጊት ከገባ በኋላ ማጥፋት ከባድ ነው፤ የአሁኑን ቅጂ ብናርመውም የቀድሞው በታሪኩ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ቅጂው በሐሰተኛ የሙከራ ሒሳቦች ላይ ይደረግ፤ ካልተቻለም ከመቀመጡ በፊት በእስክሪፕት ይጽዳ። ሁለተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ማውንትባንክ በስተቡ ውስጥ የተጻፈ የጃቫስክሪፕት ኮድ እንዲያስኬድ ሊፈቀድለት ይችላል። ፈቃዱ ከመነሻው የተዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፖርቱን ማግኘት የቻለ ሁሉ በኮምፒውተራችን ላይ የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ይችላልና። ፈቃዱን የግድ መስጠት ካለብን መሣሪያው ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ ለሚመጣ ጥሪ እንዳይመልስ መገደብ ይገባል።

ለተማሪዎቻችን በተግባር የምመክረው ይህ ነው። ስተቡን ከሚፈትነው ኮድ ጋር በአንድ ቦታ አኑሩት። ከየትኛው አገልግሎትና በየትኛው ቀን እንደተቀዳ ከጎኑ ጻፉ። ማንሣትን፣ መጠቀምንና ማውረድን በአንድ እስክሪፕት ውስጥ አድርጉ፤ ማውረዱ ሙከራው ቢወድቅም እንኳ የሚፈጸም ይሁን። ስተቡ የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ ጮኾ እንዲወድቅ አድርጉት። የተሳካውን መልስ ብቻ ሳይሆን መዘግየቱንና መቋረጡንም አስመስሉ። በተወሰነ ጊዜም ከእውነተኛው ጋር አስተያዩት። በመጨረሻም ጥቂት ሙከራዎችን ያለ ምንም ተተኪ በእውነተኛው አገልግሎት ላይ ለማድረግ ጊዜና ፈቃድ ፈልጉ፤ የሥርዓቱን ሙሉ ጠባይ የትኛውም ቅጂ አይዘውምና።

ከላይ ለእንደራሴው ያቀረብናቸው ሦስት ጥያቄዎች በዚህ መንገድ መልስ ያገኛሉ። ማን እንደሾመው የጊት ታሪክ ይናገራል። ምን እንደታዘዘ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። የመጨረሻውን መልእክት የተቀበለበትን ቀን የማነጻጸሪያው መዝገብ ያሳያል። ይህን ማድረግ ብዙ ትእዛዞችን በቃል መያዝ አይጠይቅም፤ «አልፏል» የሚለውን አረንጓዴ ቃል ባየን ጊዜ «በማን ምስክርነት?» ብሎ የመጠየቅ ልማድን ግን ይጠይቃል።