ሳያጭበረብር የሚያሸንፈው ቤት፦ የኦንላይን ካሲኖ ቴክኖሎጂ ሠላሳ ዓመታት ሲዳሰሱ

ስለ ኦንላይን ካሲኖ ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ቤቱ ያጭበረብራል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ካርታውን የሚበውዘው እጅ አይታይም፤ ኳሷ የምትሽከረከረው ስክሪን ላይ ነው፤ ተጫዋቹ የሚያየው እንዲያይ የተፈቀደለትን ብቻ ነው። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ዘርፉ ብዙ ገንዘብና ዕውቀት ያፈሰሰው ይህን ጥርጣሬ ለመመለስ ነው፤ በአብዛኛውም ተሳክቶለታል። እኔን የሚያሳስበኝ ጥርጣሬው በተመለሰ ቁጥር ዋናው ነገር እየተረሳ መሄዱ ነው፦ ቤቱ ለማሸነፍ ማጭበርበር አያስፈልገውም። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ከመነሻው እንይ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢንተርኔት በፊት ነው። ድሮ የስሎት ማሽን ብረትና ሞላ ነበር። ሦስት ጎማዎች፣ በእያንዳንዱ ላይ ለምሳሌ 20 ሥዕሎች ቢኖሩ፣ ሊወጡ የሚችሉት ጥምረቶች 8,000 ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ ሳይከስር ሊሰጥ የሚችለው ትልቅ ሽልማት ወሰን ነበረው። በ1984 ኢንገ ቴልናስ የተባለ የፈጠራ ባለሙያ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ይህን ወሰን አፈረሰው። ጎማው የት እንደሚቆም የሚወስነው ጎማው መሆኑ ቀረና በማሽኑ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የዘፈቀደ ቁጥር እያወጣ ይወስን ጀመር። ከሚታየው ባለ 20 ሥዕል ጎማ ጀርባ 64 ማቆሚያ ያለው የማይታይ ጎማ ቢቀመጥ ጥምረቶቹ ከ262,000 በላይ ይሆናሉ። ባዶ ቦታዎች ብዙ ማቆሚያ ይደርሳቸዋል፤ ለትልቁ ሽልማት ሥዕል አንድ ብቻ ይበቃዋል። ተጫዋቹ ግን አሁንም የሚያየው 20 ሥዕል ነው። ዓይን የሚገምተውና ሒሳቡ የሚለው የተለያዩት ያኔ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ በዘርፉ ከመጡት ለውጦች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ የሚሽከረከረው ስሎት የዚሁ ሐሳብ ቅጥያ ነው። ቁልፉ እንደተነካ ውጤቱ ሰርቨር ላይ ተወስኗል፤ ቀጥሎ የሚታየው መሽከርከር፣ ለጥቂት ያመለጠው ሦስተኛ ሥዕል፣ ድምፁና መብራቱ የተወሰነውን ማሳያ ፊልም ነው።

በ1994 የካሪቢያኗ አንቲጓና ባርቡዳ ለኦንላይን ቁማር ፈቃድ ለመስጠት የሚያስችል ሕግ አወጣች። በ1996 የካናዳው ክሪፕቶሎጂክ ኩባንያ ባቀረበው የገንዘብ ዝውውር ምስጠራ ኢንተርካሲኖ የተባለው የኦንላይን ካሲኖ በእውነተኛ ገንዘብ ማጫወት ጀመረ። በዚያው ዓመት በሞንትሪያል አጠገብ ያለው የሞሃውክ ሕዝብ ግዛት የቁማር ፈቃድ ሰጪውን የካናዋኬ ጌሚንግ ኮሚሽንን አቋቋመ። ቀድሞ ያስቸገረው የባንክ ካርድ ቁጥርን በደህና ማስተላለፍ ነበር፤ እሱም ቶሎ ተፈታ።

የዘፈቀደ ቁጥሩ ጉዳይ ግን ቶሎ አልተፈታም። በ1999 የሆነውን በዝርዝር መናገር ይገባል። ኤ.ኤስ.ኤፍ. የተባለ የፖከር ሶፍትዌር ሠሪ፣ ጨዋታው ትክክል መሆኑን ሕዝብ እንዲያምነው ካርታ የሚበውዝበትን ኮድ ይፋ አወጣ። ሪላያብል ሶፍትዌር ቴክኖሎጂስ የተባለ ኩባንያ ባለሙያዎች ኮዱን አንብበው ደነገጡ። 52 ካርታ ሊደረደር የሚችልባቸው መንገዶች ብዛት 8 ተጽፎ 67 ዜሮ ከሚከተለው ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ፕሮግራሙ ግን የሚነሳው በ32 ቢት ከሚጻፍ መነሻ ቁጥር ስለነበር ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጡ አደራደሮችን ብቻ ነበር ማውጣት የሚችለው። መነሻ ቁጥሩን የሚወስደው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ካለፉት ሚሊሰከንዶች ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ያሉት ሚሊሰከንዶች 86.4 ሚሊዮን ናቸው። ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ሰዓት ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር ሲያስተካክሉ የሚቀሩት አማራጮች ወደ 200,000 ወረዱ። በእጅ የያዟቸውን ሁለት ካርታዎችና ጠረጴዛ ላይ የተገለጡትን ሦስት ሲያስገቡ፣ ኮምፒውተሩ የተቀሩትን ካርታዎችና የሌሎችን ተጫዋቾች እጅ ወዲያው ነገራቸው።

ማንም ቤቱን አላታለለም፣ ቤቱም ተጫዋቹን ለማታለል አላሰበም። ጥፋቱ የፕሮግራም አጻጻፍ ቸልተኝነት ነበር፤ የተገኘውም ኮዱ ለሰው ዓይን በመጋለጡ ነው። ይህን የመሰሉ ስህተቶች ዘርፉን አስተምረዋል። ዛሬ ቁም ነገረኛ ኩባንያዎች የሚጠቀሙባቸው ቁጥር አመንጪዎች ከሰዓት ብቻ አይነሱም፤ የሃርድዌር ውስጣዊ መዋዠቅን እየቀዱ ለምስጠራ በሚያገለግል ስሌት ያልፋሉ። ከአሜሪካው ጂ.ኤል.አይ. እስከ በ2003 ለንደን ውስጥ እስከተቋቋመው ኢኮግራ ድረስ ያሉ ላቦራቶሪዎችም የቁጥሮቹን ስርጭት ይመረምራሉ።

ሒሳቡ ሲጠበቅ ሌባው በሌላ በር ገባ። በ2007 እና በ2008 አብሶሉት ፖከርና አልቲሜትቤት በተባሉ ሁለት የፖከር ድረ ገጾች ላይ የሌሎችን የተሸፈነ ካርታ ማየት የሚችሉ አካውንቶች መኖራቸው ታወቀ። ጉዱን መጀመሪያ ያጋለጡት ተጫዋቾች ናቸው፤ አሸናፊነቱ ከዕድል ስሌት ውጭ መሆኑን ከጨዋታ መዝገቦች ላይ አሳዩ። የካናዋኬ ኮሚሽን አልቲሜትቤትን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። ካርታው በትክክል ተበውዞ ነበር፤ ወንበዴው የውስጥ ሰው ነበር። የካሲኖ ጨዋታዎችን ብናይ፣ ዛሬ በተለመደው አሠራር ጨዋታው የሚካሄደው በካሲኖው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በጨዋታ ሠሪው ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው። ካሲኖው ደንበኛ ያመጣል፣ ሒሳብ ይይዛል፣ ገንዘብ ይከፍላል፤ ውጤቱን ግን ከሌላ ቤት ይቀበላል። ይህ ሲባል ካሲኖው ምርጫ የለውም ማለት አይደለም። አንዳንድ ሠሪዎች አንዱን ጨዋታ በተለያየ የተመላሽ መጠን፣ ማለትም ከተያዘው ገንዘብ በአማካይ ለተጫዋቾች በሚመለሰው ድርሻ፣ ያቀርባሉ፤ አንዱ ቤት 96 በመቶ የሚመልሰውን ሲያጫውት ሌላው በዚያው ሥዕልና በዚያው ስም 90 ወይም 94 በመቶ የሚመልሰውን ሊያጫውት ይችላል። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ተጫዋቹ ግን ከመልኩ አይለየውም።

በ2006 የተመሠረተው የስዊድኑ ኢቮሉሽን ደግሞ ማሽን ላላመነ ሰው ሰው አቀረበለት። ላትቪያ፣ ሪጋ ውስጥ ስቱዲዮ ተሠርቶ እውነተኛ ሴቶችና ወንዶች እውነተኛ ካርታ በካሜራ ፊት ማደል ጀመሩ፤ ካሜራው ካርታውን እያነበበ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። የሚያምር ምህንድስና ነው። የቤቱ ድርሻ ግን አልተነካም፦ የአውሮፓ ሩሌት 37 ቁጥሮች አሉት፣ በአንድ ቁጥር ላይ አስይዞ ለወጣለት የሚከፍለው ካስያዘው ሌላ 35 እጥፍ ነው፤ ልዩነቱ 2.7 በመቶ ሆኖ ለቤቱ ይቀራል።

ለጥርጣሬው ትልቁን መልስ ያመጣው ቢትኮይን ነው። በ2012 የተጀመረው ሳቶሺዳይስ ማንም ተጫዋች ራሱ ሊያጣራው የሚችል አሠራር አስፋፋ። ቤቱ ምሥጢራዊ ቁጥር ይመርጥና ከዚያ የተሰላውን «ሐሽ» አስቀድሞ ያወጣል። ሐሽ እንደ ታሸገ ፖስታ ነው፦ ውስጡን አያሳይም፣ ግን ከታሸገ በኋላ ይዘቱን መቀየር አይቻልም። ከጨዋታው በኋላ ምሥጢሩ ሲገለጥ ተጫዋቹ እንደገና አስልቶ ከወጣው ሐሽ ጋር ያመሳክራል። አንዲት ቁጥር ብትነካ ሐሹ ፈጽሞ ይለያል።

ዛሬ በአፍሪካ ከተሞች፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ ወጣቶች ስልክ ላይ የምትበረው የአቪዬተር አውሮፕላን የዚህ ሐሳብ ልጅ ናት። ሠሪው ስፕራይብ የጆርጂያ ኩባንያ ነው። አውሮፕላኗ ስትነሳ ማባዣው ከ1 እየጨመረ ይሄዳል፤ ሳትሰወር ካሽ አውት ያደረገ፣ ማለትም ውርርዱን የዘጋ፣ ያስያዘው በማባዣው ተባዝቶ ይከፈለዋል፣ የዘገየ ያጣል። የምትሰወርበት ነጥብ የሚሰላው ከቤቱ ምሥጢራዊ ቁጥርና በዙሩ ቀድመው ከተወራረዱት ሦስት ተጫዋቾች ቁጥሮች ተጣምሮ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም «ቀጣዩን ዙር የሚተነብይ አፕ» ብለው የሚሸጡ ሁሉ ሌቦች ናቸው፤ ቤቱ ራሱ ብቻውን የማያውቀውን ቁጥር አፕ ሊያውቀው አይችልም። ከላይ ተደርድረው የሚታዩት ያለፉ ዙሮችም ስለሚመጣው ዙር አንዳች አይናገሩም። ልጆቻችን ለእነዚህ አፖች ገንዘብ ሲከፍሉ ማየት ልብ ያደማል።

ታዲያ እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር የሚነሳው። አቪዬተር ይፋ ያደረገው የተመላሽ መጠን 97 በመቶ ነው። ማባዣው 2 የመድረስ ዕድሉ 50 በመቶ ሳይሆን 48.5 በመቶ ገደማ ነው። 100 ብር አስይዞ የተመለሰለትን ሁሉ ደግሞ እያስያዘ አሥር ዙር ለሚጫወት ሰው፣ በአማካይ የሚቀርለት 74 ብር ገደማ ነው። ማጭበርበር የለም፤ ፖስታው ሲከፈት ሁሉም ይገጥማል። 3 በመቶ ትንሽ የሚመስለው አንድ ዙር ሲታሰብ ነው፤ ዙሩ በሰከንዶች ሲያልቅ ግን ያው 3 በመቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ይቆረጣል። በስሎትም እንዲሁ ነው። 96 በመቶ በሚመልስ ጨዋታ ላይ በደቂቃ አሥር ጊዜ አምስት አምስት ብር የሚያስይዝ ሰው በሰዓት 3,000 ብር ያንቀሳቅሳል፤ ከዚህ 120 ብሩ በአማካይ ለቤቱ ይቀራል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኪሳራውም እጥፍ ነው።

ቤቱ የሚያተርፈው ከፍጥነት መሆኑን በደንብ የተረዳችው ብሪታኒያ ናት። ከጥቅምት 31 ቀን 2021 ጀምሮ የኦንላይን ስሎት አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ እንዳያንስ፣ በራሱ የሚያጫውተው አውቶፕሌይ እንዲቀር፣ ካስያዘው በታች ለተመለሰለት ተጫዋች የአሸናፊ ድምፅና መብራት እንዳይሰጥ ደነገገች። በ2025 ደግሞ በአንድ ዙር የሚያዘው ገንዘብ ከ5 ፓውንድ እንዳይበልጥ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት ከ2 ፓውንድ እንዳያልፍ ወሰነች። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱም ስለ ማጭበርበር አይደለም። ሁሉም የተነሱት በትክክል የሚሠራ ጨዋታም ሰውን እንደሚጎዳ ከማመን ነው።

እኛ ጋ ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሄደው። ድሮ ለመጫወት ብር በእጅ ቆጥሮ ወደ ውርርድ ቤት መሄድ ይጠይቅ ነበር፤ መንገዱ በራሱ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። በ2021 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ በደቂቃ ይተላለፋል። ለንግዱም ለቤተሰቡም ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን በደመወዝና በቁማር መካከል የነበረውን ያን እረፍትም አጥፍቶታል።

ስለዚህ በአገራችን ፈቃድ የሚሰጡትን አካላት የምጠይቀው ግልጽ ነው። «ጨዋታው ያጭበረብራል ወይ?» ብሎ የላቦራቶሪ ወረቀት መቀበል አይበቃም። ለአንድ ዙር ዝቅተኛ የሰከንድ ብዛት ይወሰን። ተጫዋቹ በቀን ሊያስገባ የሚችለው ብር ጣሪያ ይኑረው፤ ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ወዲያው፣ ከፍ ማድረግ ግን ከቀናት በኋላ ብቻ ይፈቀድ። ቤቱ የሚያጫውተው ቅጂ ስንት በመቶ እንደሚመልስና በሰዓት በአማካይ ስንት ብር እንደሚያስከስር ደግሞ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን፣ ከመጫወቻው ቁልፍ አጠገብ በጉልህ ይጻፍ።