የባሕር ዕጮች ለውጠ አካልና የዘር ትእዛዝ

ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቀው የሚኖሩት ወይም በድንጋዩ ላይ በዝግታ የሚድኹት አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት አብዛኞቹ ሕይወታቸውን የሚጀምሩት ወላጆቻቸውን ፈጽሞ በማይመስል፣ ማዕበል ወዲያና ወዲህ በሚያንገላታው ረቂቅ ዕጭ መልክ ስለሆነ፣ የቀደሙት የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዕጩንና ወላጁን እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ፍጥረታት የቈጠሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በመርከብ ሆድ ላይ የሚለጠፈው ባርናክል ጠንካራ ልባስ ስላለው ከቀንድ አውጣ ወገን ሲመደብ ኖሮ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1830 ጆን ቮን ቶምሰን ዕጩ ሲለወጥ ተመልክቶ የሸርጣን ዘመድ መሆኑን አስታወቀ፤ በ1866 ደግሞ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ከረጢት መሳዩ አሲዲያን በዕጭነቱ ጊዜ አከርካሪ ባላቸው እንስሳት ፅንስ ውስጥ የሚገኘውን፣ ኖቶኮርድ የተባለውን የጀርባ ምሰሶ ይዞ እንደሚገኝ ገለጸ። የዚያ ዘመን ጥያቄ የዝምድና ጥያቄ ነበር፤ የዘመናችን ሊቃውንት የሚመረምሩት ግን ይህን ለውጠ አካል የሚያዝዘው ምን እንደሆነና ትእዛዙ እስከ ሰዓቱ ድረስ በምን ተይዞ እንደሚቆይ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ሲዮና ከተባለችው አሲዲያን የተሻለ ምስክር አይገኝም። ዕጯ ምግብ የማትበላ፣ በ40 ሕዋሳት የታነጸ ኖቶኮርድ በጭራዋ ውስጥ ይዛ የምትዋኝ ስትሆን፣ በግንባሯ ባሉት ተለጣፊ ጕጦች ድንጋይ ይዛ ከተጣበቀች በኋላ ጭራዋ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ የጭራው ሕዋሳትም ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ፣ በራሳቸው ዘር ውስጥ በተጻፈው ሥርዓት መሠረት፣ ካስፔዝ በሚባሉት ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች አማካይነት ይሞታሉ። የሲዮና ዘረመል በ2002 ተነቦ 16,000 ገደማ ጂኖች ከተገኙበት ወዲህ ምርመራው ተፋጥኗል፤ ከግኝቶቹም ሁሉ እኔን አብልጦ የሚያስደንቀኝ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2005 ያወጡት ነው። ሲዮና ከእንስሳት ወገን ሆና ሳለ እንደ ዕፅዋት ሴሉሎስ ትሠራለች፤ ይህን የሚያሠራው ጂን በተሰናከለባቸው ዕጮች ላይ ግን ጭራው ሳይሰበሰብ፣ ዕጯም ገና እየዋኘች፣ በግንዷ ውስጥ የዐዋቂዋ ብልቶች ማደግ ጀመሩ። እንግዲህ ለውጠ አካል አንድ ድርጊት መስሎ ይታይ እንጂ፣ ተነጣጥለው ሊሄዱ የሚችሉ ብዙ ድርጊቶች በቅደም ተከተል የታሰሩበት ሥርዓት ነው፤ ቅደም ተከተሉም ራሱ በጂን የሚጠበቅ ነው።

የባሕር ጃርት ዝግጅቱን አስቀድማ የጨረሰች ናት። ዕጯ እየዋኘች ሳለ የወደፊቷ ጃርት ንድፍ በግራ ጎኗ ውስጥ ያድጋል፤ በቀኝ በኩል እንዳይበቅል የሚከለክለው ኖዳል የተባለው ጂን ሲሆን፣ እርሱ ሲታገድ ንድፉ በሁለቱም ጎን ይወጣል። ሰዓቱ ሲደርስ የሚቀረው መገለጥ ብቻ ስለሆነ፣ ለሳምንታት ሲዘጋጅ የቆየው ነገር በአንድ ሰዓት ገደማ ይፈጸማል።

ያን ያህል የተዘጋጀ አካል ያለ ጊዜው እንዳይገለጥ የሚይዘው ልጓም ምንድን ነው? በባሕር ጃርትና በአንዳንድ ቀንድ አውጦች ዘንድ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይህን ሥራ ይሠራል፤ ጋዙን የሚያመነጨው ኢንዛይም ሲታገድ ዕጮቹ ማረፊያቸውን የሚያሳያቸውን የባሕሩን ምልክት ሳይጠብቁ ይለወጣሉ። በስፖንጅ ዘንድ ግን ይኸው ጋዝ ለውጡን እንዲጀመር ያደርጋል። ስለዚህ ከአንዱ እንስሳ የተገኘውን ሕግ ለሁሉም ማወጅ፣ በዚህ ጥናት ዘንድ ደጋግሞ የታየ ችኮላ ነው።

ምልክቱ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ፍጡር ነው፤ ለኮራልና አባሎኒ ለተባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ዕጮች ኖራማ ቀይ አልጌዎች፣ ለሌሎቹም በድንጋይ ላይ የተነጠፉ ባክቴሪያዎች የማረፊያውን ቦታ ያመለክታሉ። ሃይድሮይደስ የተባለችው፣ በመርከብ ሆድ ላይ የኖራ ቱቦ የምትሠራው የባሕር ትል ያለ ባክቴሪያ አትለወጥም። ሱዶአልቴሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ የቫይረስ ጭራ የሚመስሉ፣ ተኰማትረው የሚወጉ ጥቃቅን መርፌዎችን በነዶ አስሮ እንደሚያመርትና ዕጯን የሚለውጣትም ይህ ነዶ እንደሆነ በ2014 ታወቀ፤ በ2019 ደግሞ በመርፌዎቹ ውስጥ የሚጫነው ሚፍ1 የተባለ ፕሮቲን የለውጡ ቀስቃሽ መሆኑ ተገለጸ። የትሏን ለውጠ አካል የሚያስጀምረው ጂን እንግዲህ በትሏ ዘር ውስጥ ሳይሆን በባክቴሪያው ዘር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የመርከብን ሆድ ከትል ለማንጻት የሚደክሙ መሐንዲሶችም ከትሏ አስቀድመው ይህን ስስ የባክቴሪያ ንጣፍ ለማወቅ ተገደዋል።