ድርጎ ለአንድ ሰው

የአብነት ትምህርት በደራበት ዘመን፥ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ከደብር ደብር የሚንከራተት የቆሎ ተማሪ፥ ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ የውሻ መከላከያ በትሩን ጨብጦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ ሲቆም፥ የቤቱ እመቤት ከሌማቷ ቁራሽ አንሥታ የምትሰጠው የትምህርቱን ዕቅድ መርምራ አልነበረም፤ ዛሬ የሚለምን ልጅ ነገ መምህር ወይም ካህን ሆኖ ለአጥቢያው እንደሚተርፍ ስለምታውቅ ነው እንጂ። ለእንግዳና ለሊቅ ከቤተ መንግሥትና ከገዳም የሚቆረጠው ቀለብም ድርጎ ይባል ነበር። ዛሬ በፈረንጅ ስሙ ፌሎሺፕ የምንለው ድጋፍ፥ ልብሱን ለወጠ እንጂ በጠባዩ ከዚሁ ከድርጎው የራቀ አይደለም።

ለፕሮጀክት የሚሰጥ ርዳታ፥ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፥ ስንት ሰው ሠለጠነ እያለ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጠይቃል። ፌሎሺፕ ግን የታመነበትን ሰው መርጦ፥ ኑሮውን የሚደጉምበት አበል ወይም ዕውቀቱን የሚያሰፋበት ዕድል ሰጥቶ፥ ለያዘው ዓላማ ያሰማራዋል። ቢል ድሬይተን የተባሉ አሜሪካዊ በ1980 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት አሾካ ለሚመርጣቸው ሰዎች እስከ 3 ዓመት የመኖሪያ አበል ይቆርጣል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎሺፕ ደግሞ የአፍሪቃን ወጣቶች በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለ6 ሳምንት ሲያስተምር ቆይቷል። አንዱ ስንቅ፥ ሌላው ትምህርት ነው።

እንዲህ ያለው ድጋፍ ለባላገሩ ፍትሕ ምን እንደሚፈይድ ለማየት ወደ ደቡብ ኦሞ መውረድ ይገባል። ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጂንካ፥ የአሪ ገበሬዎች በሚያርሱት ለምለም ደጋ ግርጌ ተቀምጣ፥ በቋንቋም በሥርዓትም የተለያዩ 16 ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ሰፊ ምድር መገናኛ ሆና የኖረች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ቆላው ወርደው በኦሞ ወንዝ ዳር፥ ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ እየዘሩ የኖሩት የካራ ሰዎች፥ ቁጥራቸው ከጥቂት ሺህ የማያልፍ ሕዝብ ናቸው። ካራዎች ከጎረቤቶቻቸው ከሐመርና ከበና ጋር የሚጋሩት ሚንጊ የሚባል አሮጌ ልማድ ነበራቸው። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፥ መንታ ሆነው የተወለዱ ልጆች፥ ወይም ሥርዓቱ ሳይፈጸምና የሽማግሌዎች ምርቃት ሳይገኝ የተፀነሰ ልጅ፥ በመንደሩ ላይ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። በሌላ አገር ለእናት የምሥራች የሚሆነው የመጀመሪያ ጥርስ፥ በዚያ ግን የልጇን ድድ በጣቷ ለምትዳስስ እናት የሞት ፍርድ ሊሆንባት ይችል ነበር።

አቶ ላሌ ላቡኮ ከካራ ልጆች መካከል አስቀድመው ትምህርት ቤት ከገቡት ጥቂቶች አንዱ ናቸው። በ15 ዓመታቸው ገደማ አንዲት ሕፃን ከእናቷ እጅ ተነጥቃ ስትወሰድ አይተው እናታቸውን ቢጠይቁ፥ እርሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ሁለት እኅቶቻቸው በዚሁ ልማድ እንደ ጠፉ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ አስቀድመው እኩዮቻቸውን፥ ቀጥለውም ሽማግሌዎቹን ሲለምኑ፥ የአበውን እምነት በአደባባይ አላዋረዱም፤ ርግማን አለበት የምትሉትን ልጅ ከመንደሩ አርቄ ልውሰድላችሁ አሉ እንጂ። ከአሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ከጆን ሮው ጋር ኦሞ ቻይልድ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው፥ ከ30 የሚበልጡ ሕፃናትን በጂንካ ከተማ አሳደጉ። በ2004 ዓ.ም. ክረምት የካራ ሽማግሌዎች ሚንጊ ከእንግዲህ በምድራቸው እንዳይፈጸም ወሰኑ፤ በ2005 ዓ.ም. ናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር አቶ ላሌን ከወጣት አሳሾቹ ተርታ አስገብቶ 10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ ይበል። የማኅበሩ ገንዘብ ከውሳኔው በኋላ እንጂ በፊት አልመጣም፤ ውሳኔውን የወለደው የአገሩን ቋንቋ የሚናገርና ሽማግሌው የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁት ሰው፥ ለዓመታት ያለ መሰልቸት መመላለሱ ነው። በዚያ ምድር ቁም ነገር የሚጀመረው ሽማግሌው ቦርኮቶ በሚባለው የእንጨት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፥ የቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል ከዞረ በኋላ ነው፤ ከቀትር እስከ ማታ የተቀመጡበት ጉባኤ ያለ ቃል ቢበተን እንኳ፥ ነገሩ ለሌላ ቀን ተሸጋገረ እንጂ አልፈረሰም። ለዚህ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም፤ በየሩብ ዓመቱ ፍሬ የሚጠይቅ ለጋሽም ሊታገሠው አይችልም። ፌሎሺፕ ለገጠር ፍትሕ የሚሰጠው ትልቁ ሀብት ይህንኑ የመቀመጫ ጊዜ ነው።

የከምባታዋ ተወላጅ ዶክተር ቦጋለች ገብሬም በፉልብራይት ዕድል አሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገሉት ወንዱንም ሴቱንም፥ ሽማግሌውንም ወጣቱንም በአንድ ጉባኤ እያቀመጡ በማወያየት ነበር። በዚያው በ2005 ዓ.ም. በቤልጅግ ንጉሥ በቦዱዋን ስም የተሰየመውን የአፍሪቃ ልማት ሽልማት ተቀበሉ።

በአገራችን ግን እንዲህ ላለው ሥራ ስንቅ ማግኘት ለ10 ዓመት ያህል ጠቦ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፥ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት፥ በሴቶችና በሕፃናት መብት፥ በዕርቅና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበርና፥ በውጭ ገንዘብ የተራበ ልጅ ማብላት ሲፈቀድ፥ ስለ መብቱ መሟገት አልተፈቀደም። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ ያን አጥር አነሣው።

ሌላው አጥር ግን እንደ ቆመ ነው። የዓለም አቀፉ ፌሎሺፕ ማመልከቻ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ከካራ ወይም ከሐመር ሽማግሌ ጋር በልሳኑ መነጋገር የሚችለው ሰው ደግሞ፥ ብዙ ጊዜ ይህን ቅጽ ለመሙላት የማይችለው ሰው ነው። ስለዚህ ዕድሉ ለመንደሩ ቅርብ ለሆነው ሳይሆን ለከተማው ቅርብ ለሆነው ይደርሳል። ይህን ለማቅናት በጂንካ የተተከለው ዩኒቨርሲቲ፥ የክልሉ መንግሥትና ባለጸጎች ተባብረው፥ አመልካቹ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻው በቃል የሚመረመርበት፥ ምስክሩም የመንደሩ ሽማግሌ የሚሆንበት መጠነኛ ድርጎ ቢያቋቁሙ፥ ወጪው ከአንድ የስብሰባ አበል የሚበልጥ አይመስለኝም።

ሰው አደራውን ይበላ ይሆን የሚል ሥጋት እንደሚነሣ አላጣሁትም። ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ የምትሰጠውም እመቤት ይህ ሥጋት ሳይኖርባት አልቀረም፤ ነገር ግን ልጁ ሲቀጽል በጆሮዋ ትሰማው ነበርና ሌላ መርማሪ አላሻትም። ለደቡብ ኦሞ የሚሰጠውም ድርጎ ምርመራው እንዲሁ በቅርብ ይሁን፦ ጥርሷ ከላይ የቀደመባት ሕፃን በእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ከተገኘች፥ ሪፖርቱ ተጽፏል።