የወፍጮ መኪና ዕድሜ በዘይት አመራረጥና አቀባብ ይወሰናል

በገጠር ቀበሌዎች ከሚገኙት መኪናዎች ሁሉ የቤተሰብን ኑሮ በየዕለቱ የሚነካው የእህል ወፍጮ ነው። ወፍጮው በተበላሸ ቁጥር እህል ተሸክሞ ወደ ሌላ ቀበሌ ረጅም መንገድ መጓዝ፣ አለዚያም ወደ እጅ ወፍጮ መመለስ ግድ ይሆናል። ይህም ሸክም በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶችና በልጃገረዶች ትከሻ ላይ ነው። መኪናውን ለብዙ ቀናት ከሥራ ውጭ ከሚያደርጉት ብልሽቶች አንዱ የብሮንዚና መበላት ወይም መቃጠል ሲሆን፣ ይህ ጉዳት ግን በጥቂት ንጹሕ ዘይትና በመደበኛ ጥንቃቄ ሊወገድ የሚችል ነው።

ብሮንዚና ማለት የሚዞር ዘንግ የሚያርፍበት፣ ከዘንጉ ይልቅ ለስላሳ ከሆነ ብረት የተሠራ ማቀፊያ ነው። እንደ ኩሽኔታ በውስጡ የሚንከባለሉ ድቡልቡል ብረቶች የሉትም። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ቢየላው ከዋናው ዘንግ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይገኛል። በአንዳንድ ወፍጮዎችም ፑሌጃውንና የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ዘንግ የሚሄደው በነሐስ ብሮንዚና ላይ ነው።

ዘንጉን የሚሸከመው ዘይቱ ነው

ብሮንዚና በሚገባ በሚሠራበት ጊዜ ዘንጉና ማቀፊያው አይነካኩም። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፤ እዚያ የተጨናነቀው ዘይትም ግፊት ፈጥሮ ዘንጉን ያነሣዋል። በመካከላቸው የሚቀረው የዘይት ሽፋን ከሰው ፀጉር ውፍረት የሚያንስ ነው።

ይህ ግልጽ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1883 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ሙከራ ነው። ቦሻም ታወር የተባለው መሐንዲስ አንድ ብሮንዚና ሲመረምር ዘይት ለመጨመር ከላይ ቀዳዳ በሳበት። ዘንጉ መዞር ሲጀምር ግን ዘይቱ በቀዳዳው በኩል ወደ ላይ ወጣ። በቡሽ ቢደፍነው ቡሹ ተገፍቶ ወጣ፤ በእንጨት ቢደፍነውም እንዲሁ ሆነ። የግፊት መለኪያ ቢገጥምበት በቀዳዳው ያለው ግፊት የዘንጉ ጭነት በአማካይ ከሚያሳድረው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለው ምሁርም እ.ኤ.አ. በ1886 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ።

ከዚህ ሙከራ ለወፍጮ ቤት የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል፤ ይኸውም ዘይት መግባት ያለበት ጭነት በሌለበት ወገን መሆኑ ነው። ቺንጊያው የወፍጮውን ዘንግ ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ስለሚስብ ዘንጉ ብሮንዚናውን አጥብቆ የሚጫነው በዚያው በኩል ነው። የዘይቱ ቀዳዳ ወይም ቦይ በዚህ ወገን ከሆነ ዘይቱ ሊገባ አይችልም፤ የገባውም ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ አዲስ ብሮንዚና ሲያስቀርጹ ቺንጊያው ወዴት እንደሚስብ ለቀራጩ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ወፍራም ዘይት ሁሉ ጥሩ አይደለም

በዘይት ቆርቆሮ ላይ «ኤስ.ኤ.ኢ.» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የሚታየው 30 ወይም 40 የሚል ቁጥር የዘይቱን ውፍረት እንጂ ጥራቱን አያመለክትም። በዝግታ ለሚዞርና ከባድ ጭነት ላለበት ዘንግ ወፈር ያለ ዘይት፣ በፍጥነት ለሚዞርና ጭነቱ ለቀለለ ደግሞ ቀጠን ያለ ይስማማል። በቆላ ሙቀት ዘይት ስለሚቀጥን፣ በደጋ የማለዳ ብርድም ስለሚወፍር የአካባቢው አየር ከግምት መግባት አለበት። 15 ደብሊው 40 የሚባለው ዓይነት በብርድ ጊዜ በቀላሉ ይፈስሳል፤ ሲሞቅም እንደ 40 ቁጥር ሆኖ ያገለግላል። የሞተሩ መመሪያ የሚያዝዘው ቁጥር ካለ ግን ከሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው።

ከከባድ መኪና የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት በርካሽ ስለሚገኝ ብቻ መጠቀም ትልቅ ጉዳት አለው። በውስጡ ያለው ጥላሸትና የብረት ብናኝ በለስላሳው ብሮንዚና ላይ ተሰክቶ ዘንጉን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ወደ ዱቄቱ ከተንጠባጠበም ለጤና ጠንቅ ይሆናል። የኑግ ዘይትና የመሳሰለውም ለጊዜው ቢያለሰልስም በሙቀት እንደ ሙጫ እየደረቀ የዘይቱን መተላለፊያ ይደፍናል። ግራሶ የሚሞላባቸውም ቦታዎች ቢሆኑ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ግራሶ መጠበቅ ይኖርባቸዋል፤ የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ ግራሶው ቀልጦ ሊፈስስ ይችላል።

ጥቂት፣ ንጹሕ፣ በየጊዜው

ዘይት መቀባት ያለበት መኪናው ቆሞ ነው። በሚዞር ቺንጊያ አጠገብ ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሶ መጎንበስ ለሕይወት ያሰጋል። የዱቄት ብናኝ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሊጥ ሆኖ ስለሚደርቅ ቀዳዳውን ከመክፈት በፊት ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። የዘይቱ ጣሳም ክዳን ያለው ይሁን።

ብሮንዚና ብዙ የሚበላው መኪናው በሚነሣበት ጊዜ ነው፤ የዘይቱ ሽፋን ገና አልተፈጠረምና። ስለሆነም ዘይቱን ከማስነሣት በፊት ጨምሮ ዘንጉን ጥቂት ዙር በእጅ ማዞር ይጠቅማል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሣ በመለኪያው ዘንግ ይታይ፤ ልኩም በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት እየተመታ አረፋ ስለሚሆን ከማለስለስ ይልቅ ሙቀት ይጨምራል።

ዘይት የሚለወጠው በወር ሳይሆን በሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ነው። መመሪያው በየ100 ሰዓቱ ይለወጥ የሚል ከሆነ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ሞተር በሁለት ሳምንት ተኩል ውስጥ ይደርሳል፤ በየ250 ሰዓቱ የሚል ከሆነም ከስድስት ሳምንት ብዙ አይዘልቅም። የየቀኑን ሰዓት በደብተር መመዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ዘይቱን ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ማፍሰስ ቆሻሻው አብሮ እንዲወጣ ይረዳል። የወጣውም ዘይት ምንጭ ወይም ወንዝ አጠገብ መደፋት የለበትም።

መኪናው ሥራ ከጀመረ በኋላ ጥበቃው አይቋረጥም። የወፍጮው የብሮንዚና ማቀፊያ ከውጭ በእጅ ሲዳሰስ ጥቂት ሴኮንድ የማያስነካ ሙቀት ካለው፣ ወይም አዲስ የመንኳኳት ድምፅ ከተሰማ፣ እህሉን አቋርጦ መኪናውን ማሳረፍ ያሻል። ቶሎ እንዲበርድ ብሎ ውኃ ማፍሰስ ግን ብረቱን ይሰነጥቃል። ነጭ ብረት የተቀባ ብሮንዚና 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቅለጥ ስለሚጀምር የሙቀትን ምልክት ችላ ብሎ «ይህችን ቁና ጨርሼ» ማለት መኪናውን ያሳጣል።

የወፍጮ ቤት ባለቤቶችም ሆኑ ወፍጮ ያላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዘይት የሚያወጡትን ገንዘብ እንደ ኪሳራ ሊቆጥሩት አይገባም። አንድ ብሮንዚና ሲቃጠል የሚጠፋው የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዘንጉ ማስጠገኛ፣ የባለሙያው መጓጓዣና ወፍጮው ተዘግቶ የሚቆይበት የሥራ ቀን ጭምር ነውና።