የጡት ወተት አመነጫጨትና አበዛዝ

ጡትን ወተት የሚጠራቀምበት ጋን አድርጎ የመቁጠር ልማድ በብዙ ቤት ሥር ሰዶ ስለሚገኝ፣ አንዲት አራስ ሕፃኗ ደጋግሞ ሲያለቅስባት «ወተቴ ሸሸ» ብላ በተጨነቀች ጊዜ፣ ከጠያቂዎቿ መካከል ጡቷ እንደገና እስኪያጋት ድረስ ልጁን በጡጦ እያቆየች እንድትታገሥ የምትመክራት አትጠፋም፤ ነገር ግን የዚህ ብልት ተፈጥሮአዊ ሥርዓት ከምክሩ ጋር ፈጽሞ ይቃረናል፤ ጡት ወተት ለመሥራት የሚፋጠነው ሲጎድል እንጂ ሲሞላ አይደለምና።

በጡት ውስጥ እጅግ ደቃቃን የሆኑ ከረጢቶች ሲኖሩ፣ ወተቱ የሚሠራው በእነዚሁ ውስጠኛ ገጽ ላይ ባሉት ሕዋሳት ነው። እናቲቱ ተገላግላ የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ፣ በእርግዝናው ዘመን ወተቱን አግዶ የኖረው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚያሽቆለቁል፣ አስቀድሞ ወፍራሙ እንገር፣ ከዚያም ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ብዛት ያለው ወተት ይመጣል። (እንገሩን ርኩስ ነው ብለው አልበው የሚያፈሱና በምትኩ ለአራሱ ልጅ ቅቤ የሚያልሱ አሉ፤ በሽታን የሚከላከለውን የመጀመሪያ ስንቁን መንፈጋቸው መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ባላደረጉት ነበር።) ከዚህ በኋላ ግን ሥልጣኑ ወደ ሕፃኑ አፍ ይተላለፋል። እርሱ በጠባ ቁጥር መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ሲደርስ፣ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ሁለት ሆርሞኖችን ትልካለች፤ ፕሮላክቲን ወተቱ እንዲሠራ፣ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተሠራው እንዲወርድ ያደርጋሉ። ፕሮላክቲን በሌሊት ስለሚበረታ የሌሊቱ ማጥባት ከቀኑ ይልቅ የሚጠቅምበት ምክንያት አለው፤ ኦክሲቶሲን ግን ድንጋጤና ሕመም ሲያግዱት፣ አንዳንድ ጊዜ የልጁ ልቅሶ ብቻ ተሰምቶ ይፈስሳል። በሌላ በኩል፣ ሳይወጣ የቀረ ወተት ራሱ ተጨማሪ ወተት እንዳይሠራ የሚገታ በመሆኑ፣ አንደኛው ጡት ሲነጥፍ ሌላኛው እንደ ወትሮው ሊቀጥል ይችላል።

ስለሆነም ወተቷን ለማብዛት የምትሻ እናት ልጇን በመዓልትና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ከሁለቱም ጡቶቿ፣ በሰዓት ሳትወስን ታጥባው፤ አፉንም በሰፊው ከፍቶ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክብ ጭምር መጉረሱን ትመልከት፤ በላይ በላዩ የተቆነጠጠ ጡት ይቈስላል፣ ወተቱም በደንብ አይወጣም። በመካከል የሚሰጥ ጡጦ ሁሉ ከጡት የተሰረቀ ጥያቄ ነው።

ስለ አጥሚትና ስለ ገንፎ የሚነገረውን በንቀት ማለፍ አይገባም። አብሽ ወተት ያበዛል የሚለውን በተመለከተ ጥናቱ ወደ አንድ ፍርድ ባይደርስም፣ በቅቤና በማር የተዘጋጀ አጥሚት የደከመ ሰውነትን መደገፉ፣ ጥማቷንም ማርካቱ አይካድም። ከምግቡ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የአራስነት ወጉ ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናት ከሥራ ተገልላ ከልጇ ጋር የምትተኛበት ወራት፣ የወተቱ መጠን የሚጸናበት ወራት ነውና፣ አያቶቻችን ስለ ሆርሞን ሳይሰሙ ለሆርሞን የሚመች ቤት ሠርተው ነበር።

የጡት መለስለስም ሆነ የልጅ ማልቀስ ለወተት ማነስ እርግጠኛ ምስክር አይሆንም፤ ምስክሩ ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናቱና ክብደቱ መጨመሩ ነው። እነዚህ ሲጓደሉ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ በማኅፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ቍራጭ፣ የታይሮይድ ሕመም ወይም ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ወተትን ሊያሳንሱ ይችላሉና። ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ደግሞ ልጇ ይጠባ በነበረበት ሰዓት እጇን ታጥባ ትለብ፤ የታለበው ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቈያል።